ፔዦዋን ዘፈን ላጠግባት ብዬ

እናንተዬ፣ እኔ ሙሽራ መንገድ ላይ ገትሬ አውቃለሁ! ያውም ደንገጎ ላይ፣ ያውም በቬሎዋ፣ ያውም በስምንት ሰዓት ፀሐይ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስክደርስበት ድረስ ትንሽ ታገሱኝ። ሰሞኑን አንድ አንባቢ «ያባቴ አሮጌ መኪና ላይ ዘመናዊ ሙዚቃ ላስገባ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» ብሎ ባይጠይቀኝ ኖሮ ይህን ጉዴን እንኳን በጋዜጣ ለቅርብ ጓደኛም አላወጣውም ነበር።

እኔ የሶፊ ልጅ ነኝ። ሶፊ ማለት ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ በዚያው በሐረሪ ክልል ውስጥ ያለ የገጠር ወረዳ ነው፤ ጫት አለ፣ ማሽላ አለ፣ ኮረኮንች መንገድ በሽ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ስለዚህ ከጻፍኩ ጻፍኩ፣ ካልጻፍኩ ያባቴን ፔዦ እነዳለሁ። እውነቱን ለመናገር የሚያበላኝ ሁለተኛው ነው።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ፔዦ 404ን ያውቃታል። እንግዳ ሲመጣ ከጀጎል ግንብ ቀጥሎ ፎቶ የሚያነሳው እሷን ነው። ባጃጅ መንገዱን ከሞላው ወዲህ ቁጥራቸው ቢመናመንም፣ አሁንም ከተማው ውስጥ ስታቃስትም ቢሆን የምትሠራ ፔዦ አትጠፋም። ሰዉ «አሮጌ ታክሲ» ሲላት እኔ ግን «ስፖርት መኪና» ነው የምላት። አትሳቁ! እ.ኤ.አ. በ1960 ከፈረንሳይ ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ፌራሪዎችን ይነድፍ የነበረው ያው ቤት። ኮፈኑን ብትከፍቱት 1,618 ሲሲ ሞተሯ 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ታገኙታላችሁ። ይቺ «የቤተሰብ መኪና» የተባለች ጉደኛ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። አራት ጊዜ! በ1963ቱም በ1968ቱም ውድድር ከተነሱት መኪኖች ሁሉ መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ የቀረው በየጭቃው ቀረ። ከሰባቱ አንደኛ ማን ነበረች? የኛዋ! ከዚህ ወዲያ ስፖርት መኪና ካለ አሳዩኝ።

አባዬ ይቺን መኪና የገዛት በ1976 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ገና አልታሰብኩም። ጊዜው ሸክላው አልፎበት ካሴት የነገሠበት ነበርና በዓመቱ አንድ የጃፓን ቴፕ አስገባባት። ስፒከሯ አንዲት ብቻ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የተሰቀለች። በዚያች አንዲት ስፒከር ጥላሁንን፣ መሐሙድን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የድሬዳዋውን ልጅ አሊ ቢራን እያሰማ አሳደገን። አንድ አመል ግን ነበረው። ዳገት ላይ ሲደርስ ዘፈኑን ይቀንሰዋል። ግጥሙ ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ደርሶም ቢሆን ግድ የለውም፣ እጁን ልኮ ይቀንሰዋል፤ ዳገቱ ሲያልቅ መልሶ ይከፍተዋል። እኛ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ሆነን «አባዬ ደግሞ!» እያልን እናጉረመርም ነበር። ለምን እንደሚቀንሰው አንድም ቀን ጠይቀነው አናውቅም።

እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ቴፑ ዘፈን መጎተት ጀመረ። አሊ ቢራ የሰከረ መሰለ። ቆየና ጭራሽ ቆመ። አባዬ ግን አላወጣውም፤ እዚያው ቦታው ላይ እንደሞተ ኖረ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አሊ ቢራ አረፈ የተባለ ዕለት እናቴ «ቡና አድርስለት» ብላኝ ግቢ ስወጣ አባዬ የቆመችው መኪና ውስጥ ገብቶ ካሴቱን በእጁ ይዞ በማይሠራው ቴፕ ፊት ተቀምጧል። ሲኒውን በመስኮት ተቀበለኝ፤ ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም። ለራሴ ግን ማልኩ፦ ለዚህች መኪና ሐረር ሰምቶት የማያውቅ ሙዚቃ አስገባላታለሁ!

ዕቁቤ ሲደርሰኝ ለአባዬ ነገርኩት። «አቦ፣ ዘፈኑ ይደርሳል» አለኝ፣ «መጀመሪያ ዲናሞዋንና ሽቦዋን አሳይ፤ ሽቦዋ እኮ ካንተ ይበልጣል።» «እሺ አባዬ» አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? በነጋታው ድሬዳዋ ወርጄ ገንዘቡን በሙሉ ጨረስኩት። ስክሪን ያለው ቴፕ ገዛሁ፤ ቴፕ እንበለው እንጂ ካሴት አይበላም፣ ፍላሽና ብሉቱዝ ብቻ። በወርቅ ቀለም «1000 ዋት» የተጻፈበት አምፕሊፋየር ገዛሁ። የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ሳብዉፈር ገዛሁ። ለየበሩ አንዳንድ፣ አራት ስፒከር ገዛሁ። ከዚያ አንድ የታወቀ ገጣሚ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ልጁ በግማሽ ቀን አጠናቀቀው፤ ፈጣን ነው፣ አመሰገንኩት። ፋብሪካው ያልበሳውን የበር ላሜራ በመቁረጫ ቀዶ ስፒከር አስገባበት፤ ሳብዉፈሩ የሻንጣውን ቦታ በሙሉ ያዘ። የድሮውን ቴፕ ነቅሎ «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ልጣልልህ?» አለኝ። «ጣለው» አልኩት። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ።

የዚያን ዕለት ማታ አባዬን አስገብቼ አንድ የአሊ ቢራ ዘፈን ከፈትኩለት። የግቢው በር ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና «ዘፋኙ የታለ?» አለኝ። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የደስታ ነበሩ። ወጣቱ ባጃጁን እያለፈ ወደኔ! ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ስሙን ያገኘው የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ከሚያሰማው ግርግር ነው። እኔ በመግቢያው በኩል ሳልፍ ያ ሁሉ የስፌት መኪና ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አንድ ቀን እግራቸውን ከመርገጫው አንስተው አፈጠጡብኝ። «አድንቀውኝ ነው» አልኩ። ወጣት ስትሆን ሁሉም ሰው የሚያደንቅህ ይመስልሃል።

ማታ ማታ ግን ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮህ ጀመር። ጠዋት ይተወኛል፣ ማታ ይመለሳል። በኋላ ነው ያነበብኩት። ለሠራተኞች ጆሮ ተብሎ የወጣው የታወቀ ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀረችላችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ናት። ተሳፋሪ እኮ አሥር ደቂቃ ጨፍሮ ይወርዳል። ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። የታክሲ ሾፌር ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ፌንጣው ከጀመራችሁ ቀንሱት። የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለ «1000 ዋቱም» ልንገራችሁ፤ እንደኔ እንዳትሸወዱ። አምፕሊፋየሩ ላይ የተሰካውን ፊውዝ እዩት። የኔ 20 አምፔር ነበር። 20ን በመኪናው 12 ቮልት ስታባዙት 240 ዋት ነው፤ ፊውዙ ሳይቃጠል ከባትሪው ሊወስድ የሚችለው ይህን ያህል ነው። ከዚያ ላይ ብዙው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። 240 የገባለት ዕቃ 1000 ከየት አምጥቶ ያወጣል? በወርቅ ቀለም ከጻፉት ግን ማን ይጠይቃል! የኛ ፔዦ ዲናሞ ላይ ደግሞ የተጻፈው 30 አምፔር ነው፤ ወደ 360 ዋት መሆኑ ነው፣ እሱም ሞተሩ በደንብ ሲዞር። ከዚያ ላይ የፊት መብራቶቹ አሉ፣ የዝናብ መጥረጊያው አለ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ብልጭታ አለ። እኔ ከዚህች ጡረታ ልትወጣ ከደረሰች ዲናሞ ላይ ነው ጭፈራ የጠየቅሁት። ማታ ማታ ሳብዉፈሩ ድም ባለ ቁጥር መብራቱ አብሮ ይንጠለጠል ነበር። እሱንም «ዲስኮ» ብለን ሳቅንበት።

አሁን ወደ ሙሽራዋ።

አንድ የሶፊ ልጅ ከድሬዳዋ ሊያገባ ሆነ። «ፔዦህ ካልሆነች አላገባም» አለኝ፤ ለፎቶውም ለሙዚቃውም ብሎ። መኪናዋን አጥቤ፣ በአበባና በሪቫን አስጊጬ ልወጣ ስል አባዬ ከዘራውን ይዞ እስከ በሩ መጣ። «ደንገጎን ስትወጣ ድምፅ ቀንስ» አለኝ፣ «ማራገቢያዋን ስማት።» «እሺ አባዬ።» ይቺ እሺ!

ቁልቁለቱን እንደ ወፍ ወረድን። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሙቀቷን ያውቃል። ምሳ ተበላ፣ ተዘፈነ፣ ሙሽራውና ሙሽራዋ ከኋላ፣ ሚዜው ከጎኔ ሆነን ተመለስን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ስትጨርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ናችሁ። መኪና አንድ እሱን ዳገት መውጣት ማለት ይህ ነው። እኔ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ። ሚዜው በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጨፍራል። ከኋላ የተከተሉን መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ። የሙቀት መለኪያው ሹካ እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ነው። አንድ ነገር ሸተተኝ፤ የሚዜው ሽቶ መሰለኝ። እግዚኦ! ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ፏ ብሎ ወጥቶ መስታወቱን ሲሸፍነው ነው የነቃሁት።

መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ሞተ። ዘፈኑ ግን አልቆመም! ያ በባትሪ የሚጨፍር ጉድ ሬሳው ላይ መጨፈሩን ቀጠለ። ለማጥፋት እጄ እየተንቀጠቀጠ የስክሪኑን ቁልፍ አጣሁት።

ሙሽራዋ ወርዳ ቬሎዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሙሽራው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችውና «ዘፈኑ ግን አሪፍ ነበር» አለችኝ። የድሬ ልጅ ናት፣ ምን ታደርጋታላችሁ! ከአጃቢዎቹ አንዱ ሚኒባስ ጫናቸውና ሄዱ። የኪራዩን ገንዘብ በማግስቱ መለስኩ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሙሽራው ሰላም ይለኛል፤ እሷ ደግሞ «ፌንፌን!» እያለች እንፋሎቱን በእጇ ታሳየኛለች።

መኪናዋ ተጎትታ ሐረር ገባች። እነዚህን ፔዦዎች ሲፈቱና ሲገጥሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ መካኒክ ጋሼ አሉን፤ ቴስታታውን አውጥተው በብረት ማስመሪያ ለኩት። ተጣሟል። ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ከዚያ ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር ሲያገኙ «አሃ!» አሉ።

እዚህ ላይ የ404ን አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሄድባት የኖርኩባትን መኪና ያወቅኋት ያን ቀን ነው። በዚያ ዘመን የብዙ መኪና ማራገቢያ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዝም ብሎ አብሮ ይዞር ነበር። የፔዦዋ ግን ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ሙቀቱን የሚያውቅ ማብሪያ ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ማግኔቱ ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር ያጣብቀዋል። ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጫጫታ ይቀንሳል፤ ፈረንሳዮቹ አስበውበታል። ማግኔቱ ኤሌክትሪክ ካጣ ግን ማራገቢያው የሚያዞረው የለም፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ያለ ትንፋሽ ቀረች ማለት ነው። የኔ ፈጣን ገጣሚ ለአዲሱ ቴፕ መብራት የጠለፈው ከዚያችው ከማግኔቱ ሽቦ ላይ ኖሯል። ቆርጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ሄደ። በሶፊ ኮረኮንች ሲነቀነቅ ከርሞ ደንገጎ ላይ ለቀቀ።

«ማግኔቱ ሲይዝ እኮ ጧ ይላል» አሉኝ ጋሼ፣ «ከዚያ ነፋስ ይመጣል፤ ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ። ዳገት ላይ ጧ ካላለ ትቆማለህ። አባትህ አላሳየህም?»

አሳይቶኛል። ያንን ሁሉ ዓመት፣ በየዳገቱ፣ አሊ ቢራን እየቀነሰ አሳይቶኛል።

አባዬ ወደ ጋራዡ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። የተቀደዱትን በሮች አየ፣ የተፈታውን ሞተር አየ። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብሎ «ቴፔስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። «የኔዋ ቴፕ» አለ እንደገና። «ተጥሏል» አልኩት። ጎማ ላይ ተቀመጠና ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሼ ሥራቸውን አቆሙና «ምን ነበር የሆነው ቴፑ?» ብለው ጠየቁኝ። ዘፈን ይጎትት እንደነበረ፣ በኋላ እንደቆመ ነገርኳቸው። «እሷማ ላስቲኳ ናት የላላችው» አሉ። የካሴት ማጫወቻ ሞተር ካሴቱን የሚያዞረው በቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ይላላል፤ መጀመሪያ ይጎትታል፣ ኋላ ያቆማል። ላስቲኩን መቀየር ከምሳ አይበልጥም ነበር አሉኝ። እኔ ዕቁቤን በሙሉ የጨረስኩት የአንድ ምሳ ሥራ ልሠራ ኖሯል።

ገጣሚው ዘንድ ሮጥኩ። ለቁራሌው ሸጦታል። ቁራሌዎቹን ጠየቅሁ፣ ሸዋ በር የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን አንድ ባንድ ዞርኩ። የለም። ዛሬም አሮጌ ቴፕ ተደርድሮ ካየሁ ቆሜ አያለሁ።

ሁለት ወር መኪናዋ ቆመች፤ ቤታችን የሚገባው ገንዘብም አብሯት ቆመ። እናቴ ለእህቴ ትምህርት ያስቀመጠችውን አወጣች፤ ስለዚህ ነገር ብዙ ባልጽፍ ደስ ይለኛል። ሳብዉፈሩንና የወርቅ ቀለሙን አምፕሊፋየር በግማሽ ዋጋ ሸጥኩ። የገዛኝ ልጅ «እውነት 1000 ዋት ነው?» ሲለኝ ፊውዙን እንዲያይ ነገርኩት። ሳቀና ገዛኝ።

ሞተሯ ከተነሳች በኋላ ሙዚቃውን እንደገና ሠራነው፤ በዚህኛው ዙር ጋሼ አጠገቤ ቆመው። ጠያቂዬ ወንድሜ፣ አንተ የፈለግከው ይሄን ነውና ልብ ብለህ አንብበኝ። መጀመሪያ የተሠራው አባዬ ያለው ነው፤ ዲናሞው ተፈትቶ ታየ፣ ያረጁት ሽቦዎች ተቀየሩ፣ የማግኔቱ ሽቦ ብቻውን ሆነ፣ ማንም እንዳይነካው። ለሙዚቃው አዲስ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ተሳበ፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ተደረገበት። ፊውዙ አምፕሊፋየሩ ጋ ብቻ ከሆነ መንገድ ላይ ሽቦው ተልጦ ላሜራ ቢነካ የሚያስቆመው የለም፣ መኪናህ ትቃጠላለች። ኔጌቲቩ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ በቡሎን ተጠበቀ። ነዳጅ ስትረግጥ አብሮህ የሚያፏጭ ድምፅ ከስፒከር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኔጌቲቩ በደንብ ስላልታሰረ፣ ወይ ደግሞ የድምፁ ገመድ ከባትሪው ገመድ ጋር ተጣብቆ ስለሄደ ነው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አሳልፈው።

ቀጥሎ ዝምታ ገዛን። እንዴት ዝምታ ይገዛል ትለኝ ይሆናል። የበሮቹን የደረቀ ላስቲክ ቀየርን፣ የተቀደደውን ላሜራ ባትሎሜ ደፈነው፣ ከወለሉ ሥርና ከበሮቹ ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ገባ፣ ማርሚታው ተበየደ፣ የሚንኳኳ ቡሎን ሁሉ ጠበቀ። አሮጌ መኪና ውስጥ ዘፈኑ የማይሰማህ ጩኸት ስለበዛ ነው። ዋት በእጥፍ ብትጨምር የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮህ እንደምንም ይለየዋል። ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲልህ ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ስፒከር ስትገዛ ከዋቱ ይልቅ በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ የተጻፈውን እይ። 3 ዴሲቤል የሚበልጠውን ከመረጥክ አምፕሊፋየርህን እጥፍ እንዳደረግከው ቁጠረው፤ ዲናሞህም አይከፍልበትም። በር ግን አትቅደድ። እኛ ሁለት ስፒከር በጣውላ ላይ አድርገን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰቀልን፣ የአባዬ አንዷ ስፒከር በነበረችበት ግራና ቀኝ። ቴፑ ራሱ ከሚያወጣው ጉልበት ሌላ አምፕሊፋየር አላስፈለገም። ሳብዉፈር የለም። ሻንጣው ለሻንጣ ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። «ዘፋኙ የታለ?» ያለውን አስታወሳችሁ? አባዬን ጆሮውን ለማስመርመር ወሰድኩት። ዕድሜና ጩኸት የሚጎዱት መጀመሪያ ቀጭኑን ድምፅ ነው አሉን፤ «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ት»ን፣ ቃልን ቃል የሚያደርጉትን። ወፍራሙ ድምፅ ግን ይሰማዋል። እንግዲህ ያን ማታ እኔ ግቢውን ሳናውጠው እሱ የሰማው ድም ድሙን ብቻ ነበር፤ አሊ ቢራ በውስጡ የለም። አሁን ስክሪኑ ላይ ወፍራሙን ቀንሼ፣ መሃለኛውንና ቀጭኑን ጨምሬ፣ በእሱ በኩል ያለችውን ስፒከር ወደ ፊቱ ቀና አድርጌያታለሁ። የሽማግሌ አባት ያላችሁ፣ ቤታችሁ ያለውን ቴሌቪዥንም እንዲሁ ሞክሩት።

ካሴቱ አልተጣለም፤ እሱን አባዬ ከትራሱ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። ካሴት ማጫወቻ ያላቸው አንድ ጎረቤት በገመድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጡልንና በፍላሽ አመጣሁት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክሩ ተጎትቶ የነበረበት ቦታ አለ፤ አሊ ቢራ አንድ ቃል ላይ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ጎረቤታችን «ላስተካክለው?» ሲሉኝ «በፍጹም!» አልኩ።

የመጀመሪያውን ዕለት አባዬን ከጎኔ አስቀምጬ ከሶፊ ወደ ከተማ ወጣን። የት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ቀና አለ። ያቺ የምትጎብጠው ቃል ስትደርስ ከንፈሩ አብሯት ጎበጠ። «ይሄ የኔ ነው» አለኝ፣ «ካሴቱ የኔ ነው!» ዳገቱ ጀመረ። ዘፈኑ ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ደርሷል። እጁን ላከና ቁልፉን ፈለገ፤ ስክሪን ስለሆነ አጣው፤ እኔ ቀነስኩለት። ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ሞተሩ ያቃስታል። ኮረኮንቹ ይንቀጫቀጫል።

ጧ!

«በል ክፈተው» አለኝ።